ካሹን በማዳበሪያ መመገብ፦ «ስንት?» ከማለት በፊት «የትኛው ዛፍ? መቼ? የት?»

ካሹ ማዳበሪያ አይፈልግም የሚለው አባባል ዛፉ በሚበቅልበት አገር ሁሉ ይሰማል። አባባሉ ከባዶ አልመጣም። መገኛው ሰሜን ምሥራቅ ብራዚል የሆነው ይህ ዛፍ አሸዋማና ድሃ አፈር ላይ ሥር ሰዶ፣ ለወራት የሚዘልቅ ድርቅ ችሎ ይኖራል። ፖርቱጋሎች በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወደ ሕንድና ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ ካሻገሩት በኋላም በብዙ ቦታ የተተከለው አፈር እንዲይዝና የተራቆተ መሬት እንዲያለብስ ነው። በኮትዲቯር እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ሲስፋፋ ዓላማው ደን ማልማት ነበር። ዛሬ ያችው አገር በጥሬ ካሹ ምርት ዓለምን ትመራለች፤ ከዓለም ምርት ከግማሽ የሚበልጠውም ከአፍሪካ ይወጣል። ዛፉ የገበያ ሰብል ከሆነ ቆይቷል። በብዙ ማሳ ላይ ግን አያያዙ አሁንም የደን ዛፍ አያያዝ ነው፦ ተጠጋግቶ ይተከላል፣ አይገረዝም፣ አይመገብም፤ ፍሬው ሲወድቅ ብቻ ይለቀማል።

ይህን ለመለወጥ የሚነሳ አምራች መጀመሪያ የሚጠይቀው «ለአንድ ዛፍ ስንት ኪሎ?» ብሎ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም ከታች በግራም ተቀምጧል። ነገር ግን በካሹ ማሳ ላይ ማዳበሪያ በብዛት የሚባክነው መጠኑ ስለተሳሳተ አይደለም። ለማይጠቀምበት ዛፍ፣ በማይወስድበት ሰዓት፣ ሥሩ በሌለበት ቦታ ስለሚሰጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የዩሪያ ዋጋ በዓለም ገበያ ጣሪያ በነካበት ወቅት ብዙዎች ማዳበሪያውን እርግፍ አድርገው ትተውት ነበር። ጥቂቱን ማዳበሪያ ለየትኛው ዛፍ፣ መቼና የት እንደሚሰጡ ለይተው የሚያውቁ አምራቾች ግን በግማሽ መጠንም ብዙ መሥራት ይችላሉ።

ፍሬው ምን ይዞ ይሄዳል?

የካሹ አስኳል ከክብደቱ አንድ አምስተኛ የሚጠጋው ፕሮቲን ነው። ፕሮቲን ያለ ናይትሮጅን አይሠራም፤ ስለዚህ ከማሳ የሚወጣ እያንዳንዱ ጆንያ ፍሬ ናይትሮጅን ይዞ ይወጣል። ከፍሬው በላይ የሚያብጠው ጭማቂያማ ፖም ደግሞ ከፍሬው ብዙ እጥፍ ይመዝናል፤ እሱ ይዞ የሚሄደው በዋናነት ፖታሲየም ነው። በሕንድ የተሠራና በዘርፉ ብዙ የሚጠቀስ አንድ ልኬት፣ 24 ኪሎ ግራም ፍሬና 155 ኪሎ ግራም ፖም የሰጠ የ30 ዓመት ዛፍ ቅጠሉን፣ ግንዱንና ሥሩን ጨምሮ በዓመት 2.85 ኪሎ ናይትሮጅን፣ 0.75 ኪሎ ፎስፌት (ፎስፈረስ ያለበት) እና 1.26 ኪሎ ፖታሽ (ፖታሲየም ያለበት) እንደሚወስድ አሳይቷል። ይህ ሁሉ ከማሳው አይወጣም፤ ትልቁ ክፍል በሚረግፈው ቅጠል ተመልሶ መሬት ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ቅጠሉን ጠርጎ ማቃጠል ማዳበሪያን ማቃጠል ነው፤ ናይትሮጅኑ በጭሱ ይሄዳል። ፖሙ ለጭማቂ የማይፈለግ ከሆነም ፍሬው ተለቅሞ ሲለይ እዚያው ዛፉ ሥር ቢቀር ፖታሲየሙ ለአፈሩ ይመለሳል።

የትኛው ዛፍ?

የካሹ አበባ የሚወጣው በዚያው ወቅት በበቀለ ለጋ ቀንበጥ ጫፍ ላይ ነው። ያ ቀንበጥ ደግሞ ፀሐይ ካላገኘ አያብብም። ጥላው ከጎረቤቱ ጥላ ጋር የተጠላለፈ ዛፍ ከጎኑ የሚያፈራበት ቦታ አጥቷል፤ የቀረለት አናቱ ብቻ ነው። እንዲህ ላለ ዛፍ ናይትሮጅን ቢሰጡት ወደ ላይ ይመዘዛል፣ እንጨት ይጨምራል፣ ጎረቤቱን የበለጠ ያጨልማል። ፍሬው ከፍ አይልም፤ እንዲያውም ሊቀንስ ይችላል። «ማዳበሪያ ሰጥቼ ምንም አላየሁም» የሚል ቅሬታ ሲመጣ መጀመሪያ መታየት ያለበት የከረጢቱ ዓይነት ሳይሆን የዛፎቹ ርቀት ነው።

በ10 ሜትር በ10 ሜትር ርቀት የተተከለ ማሳ በሄክታር 100 ዛፍ ይይዛል፤ በ7.5 በ7.5 ሜትር 178 ያህል። 5 ሜትር በ5 ሜትር ከሆነ 400 ይደርሳል። ይህ የመጨረሻው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ቶሎ ምርት ስለሚሰጥ መጥፎ ምርጫ አይደለም። ችግሩ ጥላዎቹ መነካካት ሲጀምሩ አንድ ረድፍ ዘሎ አንድ ረድፍ የሚቆርጥ ልብ መጥፋቱ ነው። በእንዲህ ያለ ማሳ ላይ የሚወጣ የመጀመሪያ ገንዘብ ለመጋዝ ይሁን። የደረቁ፣ ወደ ውስጥ የሚያድጉና መሬት የሚጎትቱ ቅርንጫፎች ምርት ካበቃ በኋላ ይገረዛሉ፤ የተጨናነቁት ዛፎች ይነሳሉ። ማዳበሪያው የሚገባው ብርሃኑ ከገባ በኋላ ነው።

ውሃ የሚተኛበት ቦታ ላይ ያለ ዛፍም ማዳበሪያ አይጠቅመውም። የካሹ ሥር አየር ሲያጣ መሥራት ያቆማል፤ ቅጠሉ የሚገረጣው አፈሩ ውስጥ ናይትሮጅን ጠፍቶ ሳይሆን ሥሩ መሳብ ስላልቻለ ነው። እዚያ የሚያስፈልገው ማፋሰሻ ቦይ ነው።

መጠኑ በግራም

በሕንድ ለሙሉ ዛፍ፣ ማለትም አምስተኛ ዓመቱን ለያዘ፣ በሰፊው የሚሠራበት የዓመት መጠን 500 ግራም ናይትሮጅን፣ 125 ግራም ፎስፌትና 125 ግራም ፖታሽ ነው። በኬረላ ግዛት የሚመከረው ከዚህ ከፍ ይላል፤ በተለይ ፖታሹ። የአፈር ምርመራ በሌለበት ቦታ የመጀመሪያውን መነሻ ማድረግ ይቻላል። ከረጢት ላይ የሚጻፉት ቁጥሮች ፎስፌትንና ፖታሽን እንጂ ንጹሕ ፎስፈረስንና ፖታሲየምን እንደማያሳዩ ግን ልብ ይሏል። 125 ግራም ፎስፌት ውስጥ ያለው ፎስፈረስ 55 ግራም ብቻ ነው። ሁለቱን ያምታታ ሰው ከእጥፍ በላይ ይጨምራል ወይም ከግማሽ በታች ይሰጣል።

ስሌቱ ቀላል ነው። ዳፕ 18 በመቶ ናይትሮጅንና 46 በመቶ ፎስፌት አለው። 125 ግራም ፎስፌት ለማግኘት 272 ግራም ዳፕ ይበቃል፤ እሱ አብሮ 49 ግራም ናይትሮጅን ያመጣል። የቀረው 451 ግራም ናይትሮጅን 46 በመቶ ከሆነው ዩሪያ ሲወሰድ 980 ግራም ይሆናል። ፖታሹ 60 በመቶ ከሆነው ፖታሲየም ክሎራይድ 208 ግራም ነው። 100 ዛፍ ላለው ሄክታር ወደ አንድ ኩንታል ዩሪያ፣ 27 ኪሎ ዳፕና 21 ኪሎ ፖታሲየም ክሎራይድ ማለት ነው።

ሦስቱም ንጥረ ነገሮች እኩል 15 በመቶ ያሉበት ቅልቅል ብቻ በእጁ ያለ ሰው ደግሞ ቅልቅሉን እስከ 500 ግራም ናይትሮጅን ድረስ ልስጥ ቢል 3.3 ኪሎ ያስፈልገዋል፤ በዚያውም ዛፉ ያልጠየቀውን አራት እጥፍ ፎስፌትና ፖታሽ ይገዛል። ትክክለኛው መንገድ 830 ግራም ቅልቅል ሰጥቶ የጎደለውን ናይትሮጅን በ815 ግራም ዩሪያ መሙላት ነው።

ሙሉው መጠን ለሙሉ ዛፍ ነው። ለለጋ ዛፍ በመጀመሪያው ዓመት አንድ አምስተኛው፣ በሁለተኛው ሁለት አምስተኛው እየተባለ ይጨመርና በአምስተኛው ዓመት ሙሉ ይሆናል። በግራም ሲቆጠር የመጀመሪያው ዓመት ድርሻ 54 ግራም ዳፕ፣ 196 ግራም ዩሪያና 42 ግራም ፖታሲየም ክሎራይድ ነው። ይህ ሁሉ በአንድ ጊዜ ለችግኝ አይሰጥም፤ ቢያንስ ለሁለት፣ ቢቻል ለሦስት ይከፈላል። ገና ለተተከለ ችግኝ አዲስ ቅጠል አውጥቶ መያዙ እስኪረጋገጥ ድረስ ዩሪያ አይቀርብም። ለእሱ የሚበጀው 60 ሴንቲ ሜትር በየአቅጣጫው በተቆፈረ ጉድጓድ ውስጥ ከላይኛው አፈር ጋር የተደባለቀ ከ5 እስከ 10 ኪሎ በደንብ የበሰለ ኮምፖስት ነው። በደንብ ያልበሰለ ፍግ ሲብላላ ይሞቃል፣ ለጋውን ሥር ይጎዳል፣ ምስጥም ይጠራል።

መቼ?

ናይትሮጅንና ፖታሹ ለሁለት ተከፍለው፣ ግማሹ ዝናቡ ጀምሮ አፈሩ በደንብ ሲርስ፣ ሌላው ግማሽ ዝናቡ ሊያበቃ ሲል ገና እርጥበት እያለ ይሰጣል። ፎስፌቱ ከቦታው ብዙ ስለማይንቀሳቀስ ሁሉም በመጀመሪያው ዙር ቢገባ ችግር የለውም።

ሁለተኛውን ዙር ብዙዎች ይዘሉታል፤ ወይም ዘግይተው «አበባው ሲታይ» ይሰጡታል። ለፍሬው ትልቁን ሥራ የሚሠራው ግን እሱ ነው። ዝናቡ ሲያበቃ የሚወጣው ቀንበጥ ነው በደረቁ ወራት የሚያብበው። ያ ቀንበጥ ወፍሮና በዝቶ እንዲወጣ ናይትሮጅኑ ቀድሞ በሥሩ ዙሪያ መገኘት አለበት። አበባው ከወጣ በኋላ የሚሰጥ ደረቅ ማዳበሪያ የሚያሟሟው ውሃ ስለማያገኝ እስከሚቀጥለው ዝናብ እዚያው ይቀመጣል፤ የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ሲመጣ ደግሞ ዛፉ ሳይጠቀምበት ጠርጎት ይሄዳል። መስኖ ያለው አምራች ብቻ ነው ከዚህ ደንብ ነጻ የሚሆነው።

በከባዱ ዝናብ መሐል መስጠትም ኪሳራ ነው። ናይትሮጅን በአሸዋማ አፈር ውስጥ ከውሃው ጋር ወደ ታች ሰርጎ ከመጋቢ ሥሮቹ ያልፋል፤ በተዳፋት ላይ ደግሞ ከጎርፉ ጋር ይወርዳል። ጥሩው ቀን አፈሩ ሲጨበጥ የሚጣበቅ፣ ሲጨመቅ ግን ውሃ የማያወጣ የሆነበት ቀን ነው።

የት?

የካሹ ዋና ሥር ወደ ጥልቀት ይወርዳል፤ ምግብ የሚለቅሙት መጋቢ ሥሮች ግን በአብዛኛው ከግንዱ በ2 ሜትር ዙሪያ፣ በላይኛው 15 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ ጥቂት ዝቅ ብሎ ናቸው። ስለዚህ ግንዱ ሥር የሚከመር ማዳበሪያ ቅርፊቱን ከማቃጠል በቀር የሚሠራው ሥራ የለም፤ ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍሮ መቅበርም ከመጋቢዎቹ በታች ማስቀመጥ ነው።

በመጀመሪያው ዓመት ከግንዱ ግማሽ ሜትር፣ በሁለተኛው 75 ሴንቲ ሜትር፣ በሦስተኛው 1 ሜትር፣ ከአራተኛው ዓመት ጀምሮ 1.5 ሜትር ርቆ ክብ ቦይ ይወጣል፤ ወርዱ 25፣ ጥልቀቱ 15 ሴንቲ ሜትር። ከዚያ በፊት ከግንዱ እስከ ቦዩ ማዶ ያለው አረም ይነሳል፤ ካልተነሳ ማዳበሪያውን ቀድሞ የሚያገኘው ሣሩ ነው። ሲቆፈር ወፋፍራም ሥር ከተገኘ አይቆረጥም፤ ዶማው በላዩ ዘሎ ያልፋል። በ1.5 ሜትር ላይ የወጣ ቦይ ዙሪያው 9.4 ሜትር ያህል ነው። በመጀመሪያው ዙር 490 ግራም ዩሪያ፣ 272 ግራም ዳፕና 104 ግራም ፖታሲየም ክሎራይድ ሲደባለቅ 866 ግራም ይሆናል፤ በቦዩ ላይ ሲከፋፈል በየሜትሩ 90 ግራም ገደማ ይደርሳል። በእፍኝ መገመት ከሰው ሰው ስለሚለያይ አንድ ቆርቆሮ ወስዶ 90 ግራሙን በሚዛን መዝኖ ከፍታው ላይ ምልክት ማድረግ ቀኑን ሙሉ ያገለግላል። ቅልቅሉ በዚያው ቀን የሚበቃው ብቻ ይዘጋጅ፤ ዩሪያና ፖታሲየም ክሎራይድ ተደባልቀው ሲያድሩ እርጥበት ስበው ይጋገራሉ።

ከተበተነ በኋላ አፈሩ ወዲያው ይመለሳል። ዩሪያ እርጥብና ሞቃት መሬት ላይ ክፍቱን ከተተወ በጥቂት ቀናት ውስጥ ወደ አሞኒያ ተለውጦ ወደ አየር ይሄዳል፤ ጥቂት ሴንቲ ሜትር አፈር ከለበሰ ግን ይያዛል። ላዩ ላይ ከ10 እስከ 15 ኪሎ ኮምፖስት ወይም የበሰለ ፍግ፣ ከዚያም የረገፈው ቅጠል ጉዝጓዝ ሆኖ ቢደረብበት እርጥበቱ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል። ማሳው ተዳፋት ከሆነ ክብ ቦይ አይሠራም፤ ከዛፉ በላይ በኩል ግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ያለው ቦይ ይወጣል፤ ምክንያቱም ውሃው የሚያሟሟውን ወደ ሥሩ የሚያወርደው ከላይ ሲመጣ ነው።

አሲዳማ አፈርና ጥቃቅኖቹ

ካሹ መጠነኛ አሲዳማ አፈርን ይችላል። ፒኤች (የአሲድነት መለኪያው፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ በዝቷል) ከ5 በታች ሲወርድ ግን ነገሩ ይለወጣል። ብረትና አሉሚኒየም ፎስፌቱን አንቀው ይይዙታል፣ አሉሚኒየሙ የሥሩን ጫፍ ይጎዳል፣ ሞሊብዲነም የተባለው ንጥረ ነገር ይጠፋል፤ በቅጠሉ ላይ ቢጫ ነጠብጣብ የሚታየው በዚህ ጊዜ ነው። ዩሪያ ራሱ በዓመታት ብዛት አፈሩን ያሲዳል፤ አሞኒየም ሰልፌት ከዚያ ይብሳል። መድኃኒቱ የግብርና ኖራ፣ ማግኒዚየምም ካነሰ ዶሎማይት (ማግኒዚየም ያለበት ኖራ) ነው፤ መጠኑ ከአፈር ምርመራ ይወሰናል። ኖራና ዩሪያ፣ ኖራና ዳፕ በአንድ ቀን አይገናኙም፤ ኖራው አሞኒያውን ያባርረዋል። አመድም እንደዚያው። በመካከላቸው ጥቂት ሳምንታት መኖር አለባቸው። በአሲዳማ አፈር ላይ የተፈጨ ፎስፌት ድንጋይ ከዳፕ ርካሽ አማራጭ ሊሆን ይችላል፤ አልካሊ በሆነ አፈር ላይ ግን ስለማይሟሟ ድንጋይ እንደሆነ ይቀራል።

ቅጠል ማንበብ የሚለምድ አምራች ብዙ ገንዘብ ያተርፋል። አሮጌዎቹ ቅጠሎች ወጥ በሆነ ሁኔታ ከገረጡና አዲሶቹ ካነሱ ናይትሮጅን ነው። የአሮጌው ቅጠል ጫፍና ዳር ቡናማ ሆኖ ሲደርቅ መሐሉ አረንጓዴ ከቀረ ፖታሲየም ነው። ይህኛው ግን ከማዳበሪያ ቃጠሎ ጋር ይመሳሰላል፤ ልዩነቱ ቃጠሎው ማዳበሪያ በተሰጠ በቀናት ውስጥ፣ ብዙውን ጊዜ በአንድ ወገን ባሉ ቅርንጫፎች ላይ መታየቱ ነው። በዚያን ጊዜ ፖታሽ መጨመር በቁስል ላይ ጨው ነው። አዲሶቹ ቅጠሎች ቀጫጭን ሆነው ቀንበጡ ጫፍ ላይ ከተጨናነቁ፣ በደም ሥሮቹ መካከልም ቢጫ ከሆኑ ዚንክ አንሷል።

ለዚንክ በአንድ ሊትር ውሃ 5 ግራም ዚንክ ሰልፌት፣ ቅጠሉን እንዳያቃጥል የክብደቱን ግማሽ ከሚያህል በውሃ የበረደ ኖራ ጋር ይረጫል፤ 15 ሊትር ለሚይዝ መርጫ 75 ግራምና 37 ግራም ማለት ነው። ቦሮን የአበባ መያዝን ይረዳል፤ በሊትር 1 ግራም ቦራክስ በቂ ነው፤ ለብቻው ይረጭ። ቦሮን በእጥፍ ቢሰጥ በእጥፍ የሚጠቅም ንጥረ ነገር አይደለም። በሚበቃውና በሚመርዘው መጠን መካከል ያለው ርቀት ጠባብ ስለሆነ በሚዛን እንጂ በማንኪያ አይለካም። ርጭቱ ለጋው ቅጠል ሲዘረጋና አበባው ከመፈንዳቱ በፊት፣ ጠዋት በማለዳ ወይም አመሻሽ ላይ ይሁን። አበባው ሲፈነዳ ነፍሳት ሥራ ላይ ናቸው።

ናይትሮጅንና ተባይ

ሄሎፔልቲስ የተባለው መጣጭ ተባይ የሚፈልገው ለስላሳውን ቀንበጥና የአበባ ዘለላ ነው፤ የወጋው ቦታ ይጠቁርና ዘለላው እንዳለ ይደርቃል። ነጭ ዱቄት የሚመስለው ፈንገስም እንዲሁ ለጋውን አካል ይመርጣል። ይህ በሽታ በታንዛኒያ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ መጨረሻ ወዲህ የታወቀ ሲሆን አገሪቱ ምርቷን ያጣችበት አንዱ ምክንያት ነበር፤ ያን ጊዜ ዛፎቹን የታደገው ድኝ ነው። ናይትሮጅን በብዛት ወይም ዘግይቶ ሲሰጥ ለስላሳው ቀንበጥ በዝቶና ዘግይቶ ይወጣል፤ ለሁለቱም ጠላቶች ማዕዱ ይረዝማል። ስለዚህ ማዳበሪያ የሚጀምር አምራች ከአዲሱ ቀንበጥ እስከ ፍሬ መያዝ ድረስ ማሳውን በየሳምንቱ የሚዞርበትን ጊዜ አብሮ ያቅድ። የመገበውን ቀንበጥ ካልጠበቀው ማዳበሪያውን ለተባዩ ገዝቶለታል።

ግማሽ ብቻ ሲኖር

ገንዘቡ ለግማሹ ማሳ ብቻ ሲበቃ የተለመደው መፍትሔ ለሁሉም ዛፍ ግማሽ ግማሽ ማዳረስ ነው። የተሻለው መምረጥ ነው። ጥላቸው ያልተነካካ፣ ፀሐይ በየጎናቸው የሚያገኙ፣ ባለፈው ዓመት በደህና ያፈሩ ዛፎች በቀለም ምልክት ይደረግባቸውና ሙሉውን ድርሻ ያግኙ። ለጋዎቹ የሚወስዱት ትንሽ ስለሆነ እነሱም አይዘለሉ። ያረጁ፣ የታፈኑና ሁልጊዜ ጥቂት የሚሰጡ ዛፎች ማዳበሪያ ሳይሆን መጋዝ ወይም ምትክ ችግኝ ይጠብቃቸዋል። ሁለት ዙር መስጠት ካልተቻለም በሙሉ ዛፍ ላይ የሚተወው የመጀመሪያው ዙር ቢሆን ይሻላል፤ ለጋ ዛፍ ላይ ግን የተገላቢጦሽ ነው፣ ምክንያቱም እሱ ገና ቅርንጫፍ እየሠራ ነው።

ውጤቱን ለማወቅ በዚያው ማሳ ውስጥ በዕድሜና በመጠን ተመሳሳይ የሆኑ አምስት ዛፎች ምንም ሳይሰጣቸው ይቆዩ፤ ከሌሎች አምስት ከተመገቡት ጋር ፍሬያቸው ለየብቻ ተለቅሞ ይመዘን። በመጀመሪያው ወቅት ልዩነቱ በቅጠሉ እንጂ በሚዛኑ ላይ ብዙም ላይታይ ይችላል፤ ዘንድሮ የወጣው ቅርንጫፍ ነው በሚቀጥለው ዓመት ብዙ ቀንበጥ የሚሸከመው። ስለዚህ ልኬቱ ቢያንስ ለሦስት ምርት ይቀጥል። ከክብደቱ ሌላ በአንድ ኪሎ ውስጥ ስንት ፍሬ እንዳለም ይቆጠር፤ ቁጥሩ ሲያንስ እያንዳንዱ ፍሬ ከብዷል ማለት ነው፤ ገዢውም የሚመርጠው ይህንኑ ነው።